ፒያኖ ለመማር ዕድሜ ይወስናልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሙዚቃ ክበብ አባሎች ስም የተነበበ ንግግር)



ለዚህ በዓል ንግግር እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ሰው ሁሉ የጠበቀው ስለ ክራር ወይም ስለ ማሲንቆ እንናገራለን ብሎ ነበር። እኛ ግን የመረጥነው ስለ ፒያኖ ነው። ይህም በተሰማ ጊዜ «ግራና ላይ ፒያኖ የት አያችሁና ነው?» ብለው የሳቁ ጓደኞች ነበሩ። ሳቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከክበባችን አባሎች መካከል እውነተኛ ፒያኖ በዓይናቸው ያዩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ያዩት አዲስ አበባ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው፣ በሱቅ መስተዋት ውስጥ፣ ሳይነኩት ነው። ነገር ግን በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ በረዶ አገር እንማራለን፤ በፊዚክስም ስለ ጨረቃ እንማራለን፤ ወደዚያ ደርሶ የመጣ ከመካከላችን የለም። ከደጃፍ ርቆ ያለውን ነገር ማወቅ የትምህርት ቤት ዋና ሥራ ይመስለናል።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በዚህ ዓመት በክበባችን ውስጥ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከአባሎቻችን አንዲቱ እኅታችን ፈተናዋን ከጨረሰች በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ለመማር አሰበች። ስሟን እንዳንጠራ ለምናናለች እንጂ አሁንም በመካከላችሁ ተቀምጣለች። ሐሳቧን በገለጸች ጊዜ ሁለት መከራከሪያ ቀረበባት። አንደኛው የመጣው ከቤቷ ነው፤ «አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርንሽ አዝማሪ እንድትሆኚ ነውን?» የሚል ነው። ሁለተኛው የመጣው ከክፍል ጓደኞቿ ነው፤ «ፒያኖ በአምስት ዓመቱ ላልጀመረ ሰው አይሆንም፤ አንቺ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶሻል፤ ጣትሽም ደርቋል» የሚል ነው። እኛም በሁለቱ ላይ በየሳምንቱ እየተከራከርን ቈይተን የደረስንበትን ለማስረዳት ነው ዛሬ የቆምነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ፒያኖ ከውጭ ሲያዩት ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው። በፊቱ 88 ቁልፎች በተርታ ተደርድረውበታል፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ቁልፉ በጣት ሲነካ በውስጥ ያለች ትንሽ መዶሻ፣ ራስዋ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሸፈነች፣ ተነሥታ የብረት አውታሩን መትታ ወዲያው ትመለሳለች። መዶሻዋ እንደ መታች ብትቀር ኖሮ ድምፁ ይታፈን ነበር፤ የዚህ መሣሪያ ብልሃት ሁሉ በዚያች መመለስ ላይ ነው። አውታሮቹ ወደ 230 ይደርሳሉ፤ ሁሉም በአንድነት የሚጐትቱት ኃይል ከ15 ቶን በላይ ስለ ሆነ በውስጡ የብረት ክፈፍ ባይኖር ሣጥኑ በተሰበረ ነበር። ይህን መሣሪያ በ1700 ገደማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የፈለሰፈው በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ የነበረ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የሚባል ጠቢብ ነው። ከእርሱ በፊት ከነበሩት ባለ ቁልፍ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ጣት ቢከብድም ቢቀልም ያው አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጡ ነበር። የእርሱ ግን ቀስ ብለው ሲነኩት ቀስ ይላል፤ በኃይል ሲነኩት ይጮኻል። ስሙም ከዚሁ የወጣ ነው፤ በኢጣልያንኛ ፒያኖ ማለት ለስላሳ፣ ፎርቴ ማለት ብርቱ ነውና።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። «በልጅነቱ ያልጀመረ ፒያኖ ተጫዋች አይሆንም» ለሚለው ቃል መልስ የሚሆን ሰው ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አላስፈለገንም። አቶ ግርማ ይፍራሸዋ አሉ። አቶ ግርማ በ1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው የሚያውቁት መሣሪያ ክራር ነበር። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገቡት በ16 ዓመታቸው ሲሆን ከፒያኖ ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። ይህን ልብ በሉልን። በአውሮፓ በዚያ ዕድሜ ያለ የፒያኖ ተማሪ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ያኽል ተምሮ በአደባባይ ይጫወታል። እርሳቸው ግን ገና የመጀመሪያውን ቁልፍ መንካታቸው ነበር።

ከያሬድም ቀጥሎ ወደ ቡልጋርያ ሄደው በሶፍያ ኮንሰርቫቶሪ ገቡ። የያሬድ ትምህርት ቤት ከጥንቱም ከቡልጋርያ ጋር ወዳጅነት ነበረው፤ ሕንፃው የተሠራው በቡልጋርያ መንግሥት ርዳታ ነው፤ ከዚያም አገር የመጡ መምህራን አስተምረውበታል። በሶፍያ የአቶ ግርማ አስተማሪ ፕሮፌሰር አታናስ ኩርቴቭ ነበሩ። ነገር ግን ትምህርታቸው ሳያልቅ በ1989 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የቡልጋርያ መንግሥት ተለወጠና የትምህርታቸው መንገድ ተቋረጠ። ወደ ኢጣልያ ተሻግረው በስደት ከቈዩ በኋላ እንደ ገና ወደ ሶፍያ ተመልሰው ትምህርታቸውን በማስትሬት ዲግሪ ፈጸሙ። እኛ ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀን ይህ መመለሳቸው ነው። በስደት አገር እንጀራ ማግኛ ሌላ ሥራ ይዞ መቅረት ይቻል ነበር፤ ብዙዎችም እንዲሁ አድርገዋል፤ የሚወቀሱም አይደሉም።

በ1995 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ አገራቸው ገብተው እስከ 2001 በተማሩበት በያሬድ ትምህርት ቤት ፒያኖ አስተማሩ። ከዚያ በኋላ በአገር ውስጥና በአፍሪካ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካም ከተሞች ለብቻቸው ኮንሰርት ሲያቀርቡ ኖረዋል። በኮንሰርታቸው የአውሮፓን ታላላቅ ደራሲዎች ሥራ ይጫወታሉ፤ ከእነ ሾፓን ሥራ ቀጥሎ ግን የራሳቸውን ድርሰት ያሰማሉ። ከድርሰቶቻቸውም አንዱ «ባለዋሽንቱ እረኛ» ይባላል። ሌላው ደግሞ «አምባሰል» ይባላል። ሁለቱም በ2014 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ አገር በታተመው «ፍቅርና ሰላም» በተባለው አልበማቸው ውስጥ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንድንኰራ ይፈቀድልን። የአገራችን ሙዚቃ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች እንዳሉት የክበባችን መምህር አስተምረውናል፤ እነርሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ቦታ ስም የተጠሩ ናቸው። አምባሰል ከሚሌ ወንዝ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ነው። ባቲም የምናውቀው የገበያ ከተማ ነው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታዜም ያልሰማ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብለን አናምንም። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር አዳራሽ በፒያኖ ፊት ተቀምጦ አምባሰልን ሲጫወት፣ ፈረንጆቹ የሚሰሙት የእኛን ተራራ ስም ነው። «ግራና ላይ ፒያኖ የት አያችሁ?» ላሉን ወንድሞቻችን የምንመልሰው አንዱ መልስ ይኸው ነው፤ ፒያኖ ግራና ባይመጣም የግራና ጎረቤት ፒያኖ ውስጥ ገብቷል።

ይህንንም በክበባችን ባለችው ትንሽ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ላይ ሞክረነዋል። ቁልፎችዋ 61 ናቸው፤ ከእነርሱም ሰባቱ አይናገሩም፤ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ሁሉም ዝም ይላሉ። ሆኖም ያየነው ነገር አስገርሞናል። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ፣ ነጮቹን ሳትነኩ፣ ሁለቱ ከሦስቱ ጋር እንደ ተደረደሩ፣ ከሦስቱ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በተራ ብትነኩ ትዝታ ሜጀር ይወጣል። ማንም ሕፃን ሳይሳሳት ሊጫወተው ይችላል። ከነጮቹ ደግሞ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብትሉ አምባሰል ነው። እነዚሁኑ አምስት ቁልፎች ሳትለውጡ ከላ ብትጀምሩና ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብትሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። አምስቱ ያው አምስት ናቸው፤ መነሻው ብቻ ተለወጠ፤ ልብ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ባቲ ሜጀርም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ ነውና በነጮቹ ይገኛል። ያስቸገረችን አንቺ ሆዬ ናት፤ እርስዋ ከነጮቹና ከጥቁሮቹ ተቀላቅላ ካልሆነ አትመጣም። ይህን ያገኘንበት ቀን ከክፍል ወጥተን ወደ ቤት የሄድነው ከመሸ በኋላ ነው።

ነገር ግን ፒያኖ ለዜማችን ሁሉ ይመቻል ማለታችን አይደለም። የክራር ተጫዋች አውታሩን በጆሮው እየሰማ ያጠብቃል፣ ያላላል፤ የማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን በጣቱ እየሳበ ከአንዱ ወደ አንዱ ያንሸራትታል። ዋሽንትም በትንፋሽ ድምፁን ያጐብጣል። ፒያኖ ግን ከተቃኘ በኋላ አሥራ ሁለቱ ድምፆች እኩል ተራርቀው የተቸነከሩ ናቸው፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ማንም አያወጣውም። አንዴ የተመታውንም ድምፅ መሳብ ወይም ማጕበጥ አይቻልም፤ እየደከመ መሞት ብቻ ነው። ስለዚህ እረኛውን በፒያኖ ማናገር የሚሻ ሰው ጎን ለጎን ያሉትን ቁልፎች እንደ ፈጣን ጭረት እየነካ ጆሮን ማታለል አለበት። ከክበባችን አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ዋሽንቱን ራሱን መንፋት አይሻልም ወይ?» ብሏል። የሚሻልበት ጊዜ አለ ብለን እናምናለን። ግን ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ በፒያኖ አሥር ጣት አሥር ነገር ይናገራል፤ የእረኛውን ዜማ ከነተራራውና ከነበጎቹ ማሳየት ይቻላል።

ሁለተኛው ምስክራችን ከዚህም የቀረበ ነው፤ በግሸን ማርያም የኖሩት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ወጥታችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ አምባ ላይ ዓለም ያወቃት ፒያኖ ተጫዋች በባዶ እግርዋ ስትመላለስ እንደ ነበረ ግን ሰምታችሁ ይሆን? እኛ እስከዚህ ዓመት ድረስ የነገረን አልነበረም።

እማሆይ በታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ገብሩ ነው፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጋር ወደ ስዊስ አገር ተልከው በዚያ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ወይዘሮ ስንዱም በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊና በምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ናቸው። የውብዳር በ1933 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከቤተ ሰባቸው የተገደሉ አሉ፤ እርሳቸውም በ1937 ከዘመዶቻቸው ጋር ተግዘው በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አጠገብ በመርኮሊያኖ በእስር ቈዩ። ከነፃነት በኋላ ወደ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። በዚያን ጊዜ ለሁለቱ መሣሪያዎች በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያኽል ይለማመዱ ነበር ይባላል። እኛ አንድ ሰዓት ስንለማመድ እጃችን የሚዝል ሰዎች ነንና ይህን ስንሰማ ዝም ብለናል።

ከካይሮ ከተመለሱ በኋላ ለንደን ሄደው እንዲማሩ ዕድል ተገኘላቸው፤ የመሄጃው ፈቃድ ግን ተከለከለ። ኀዘኑ እጅግ ስለ በረታባቸው እህል አልቀምስም አሉ፤ ወደ ሞትም ቀረቡ። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ እግዚአብሔር መልሰው፣ ሃያዎቹን በጀመሩ ዕድሜ፣ ከቤተ መንግሥት ሰዎች መካከል ወጥተው ወደ ግሸን አምባ ሄደው መነኰሱ። በዚያም ያለ ጫማ፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ወደ አሥር ዓመት ያኽል ኖሩ። እግራቸውን ታምመው ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ነው እንደ ገና ፒያኖ ፊት የተቀመጡት።

የክበባችን ክርክር እዚህ ላይ በጣም ጠነከረ። አሥር ዓመት ሙሉ ቁልፍ ያልነካ እጅ እንዴት ተመልሶ ይጫወታል? ከመካከላችን አንዱ «ብስክሌት የነዳ ሰው አይረሳም» አለ፤ ሌላው «ብስክሌትና ፒያኖ አንድ አይደለም» አለ። የሆነው ሆኖ ከዚያ ተራራ ከወረዱ በኋላ የደረሱት ሙዚቃ በፊት ከተማሩት ከስዊሱና ከካይሮው የተለየ ሆነ። የግራ እጃቸው የአውሮፓን ዋልስ ይመስላል፤ የቀኝ እጃቸው ግን እንደ ማኅሌት ዜማ ይዞራል፤ ደግሞም እንደ ትዝታ ያንጐራጕራል። በኋላም በጎንደር ሲኖሩ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ፤ በዚያም የዜማ ተማሪዎች ምግብ እየለመኑ፣ በየደጁ ሜዳ ላይ እያደሩ ሲማሩ አዩ። የሚሰጣቸው ገንዘብ ስላልነበረኝ በሙዚቃዬ ልርዳቸው ብለው ተነሡና የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በ1967 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጀርመን አገር አስቀረጹ። በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በ2006 ሥራቸው በፈረንሳይ አገር «ኢትዮጲክ» በተባለው ተከታታይ አልበም 21ኛ ቍጥር ሆኖ ሲወጣ ዓለም ሁሉ ሰማቸው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

እንግዲህ አንዱ በ16 ዓመታቸው ጀመሩ፤ አንድዋ በልጅነታቸው ጀምረው፣ አሥር ዓመት ትተው፣ እንደ ገና ጀመሩ። «ጊዜው አልፎብሻል» ማለት ከየት መጣ?

ነገር ግን ዕድሜ ልዩነት የለውም ብለን ብንናገር መዋሸት ይሆንብናል። ልዩነትስ አለው። ስምንት ነጭ ቁልፎችን፣ ከዶ እስከ ላይኛው ዶ፣ በአውራ ጣትና በትንሽ ጣት ባንድ ጊዜ ለመንካት እጅ ሰፋ ማለት አለበት፤ ከአንዱ ዶ ወደ ሌላው ያለው ርቀት 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያኽላል። የስድስት ዓመት ልጅ እጅ ይህን አይደርስም፤ እግሩም መርገጫውን አይደርስምና ከእግሩ ሥር በርጩማ ይደረግለታል። ግን ልጅ የሰማውን አይረሳም፤ ቢሳሳትም አያፍርም። ትልቅ ሰው ደግሞ ኖታውን ቶሎ ያነባል፤ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ መምህሩ አንድ ጊዜ ከነገረው ይበቃዋል። ጣቱ ግን ሐሳቡን ቶሎ አይከተለውም። ማሽላ ሲቈርጥና ሽንኵርት ሲኰተኵት የከረመ እጅ መጀመሪያ ላይ ቁልፉን እንደ ማጭድ ይይዘዋል። ይህ በኃይል አይለቅም፤ ቀስ በቀስ፣ ግራና ቀኝ እጅን ለየብቻ፣ በጣም በዝግታ በመለማመድ ይለቃል። ያረጀ ሰው ጅማቱ ቢያመውም አንድ እንጉርጉሮ በሁለት ጣት መጫወት ማንም አይከለክለውም፤ አደባባይ ለመውጣት ካልፈለገ ማን ያስገድደዋል? ለሁሉም ዕድሜ የሚስማማው ግን በየቀኑ ጥቂት መለማመድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበልጣል። ይህን በራሳችን ፈትነን አይተነዋል።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጆሮ ነው። አቶ ግርማ በ16 ዓመታቸው ፒያኖ ሲጀምሩ እጃቸው እንጂ ጆሯቸው ጀማሪ አልነበረም፤ ክራር አስተምሮት ነበር። በዚህ ነገር የግራና ልጅ ከማን ያንሳል? በአንዱ ቤት ሌሊት መንዙማ ከነድቤው ይሰማል፤ በአንዱ ቤት ማኅሌት ይቆማል፤ በሰርግ ሁላችንም አንድ ላይ እንጨፍራለን፤ ከብት ጥበቃ ዋሽንት ያልነፋ ወንድ ልጅም ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ ያለ ክፍያ የተማርነው ትምህርት ነው።

ሰው ሁሉ በየዕድሜው ባንድ ቦታ መማሩም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዜማ ቤት አንድ መሪጌታ ሕፃኑንም ጢም ያወጣውንም ባንድ ዛፍ ጥላ ያስተምራሉ። ሁሉንም በየተራ ማስተማር ስለማይችሉ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል፤ የኋለኛውም በተራው ሌላውን ያስጠናል። በአውሮፓ ሥርዓት አንድ የፒያኖ መምህር አንድ ተማሪ ብቻ ይዞ አንድ ሰዓት ያስተምራል፤ ለዚህ ብዙ ገንዘብና ብዙ መምህር ያስፈልጋል። እኛ ሁለቱም ስለሌለን የዜማ ቤቱን መንገድ መርጠናል።

አሁን ወደ ከባዱ መከራከሪያ እንምጣ፤ ከቤት ወደ መጣው። «አዝማሪ ልትሆኚ ነውን?» ላሉት አባት አንዳንዶች «አይደለም፤ ፒያኖ ሌላ ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ የጨዋ ልጅ ይማረዋል» ብለው እንዲመልሱላት መክረዋት ነበር። እኛ በዚህ አንስማማም። አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ሊሆን የሚገባው ምን ስላደረገ ነው? የጥንቱን ታሪክና ዜማ ይዞ የቈየልን እርሱ ነው። ፒያኖውን ለማክበር ማሲንቆውን ማዋረድ አያስፈልግም። ለአባትዋ መነገር ያለበት እውነቱ ነው፤ እውነቱም ኑሮው ቀላል አለመሆኑ ነው። በአገራችን ፒያኖ ያለው አዳራሽ ጥቂት ነው። ኮንሰርት በየሳምንቱ አይገኝም። ከዚህ የተነሣ ፒያኖ የተማረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንጀራውን የሚያገኘው በማስተማር ነው፤ ቀን ያስተምራል፣ ማታ ለራሱ ይለማመዳል። አስተማሪነት ግን ለቤቷ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ እናትዋም አስተማሪ ናቸው። ይህን ባሰብን ጊዜ ነው ክርክሩ የለዘበው። አባትዋም እስካሁን እሺ አላሉም፤ እምቢም አላሉም፤ ዛሬ ግን እዚህ መጥተዋል፤ እናመሰግናቸዋለን።

ሌላም አስተያየት ሰምተናል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በደረሰው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበራቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና የላቦራቶሪ ዕቃቸውን አጥተዋል። ይህ ሁሉ ሳይሟላ ስለ ፒያኖ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እኛም ከወንበር ፒያኖ ይቅደም አላልንም። ደግሞም እውነተኛ ፒያኖ ቢሰጠንስ የት እናኖረዋለን? ክብደቱ ከ200 ኪሎ ይበልጣል፤ የቈላችን ሙቀትና አቧራ እንጨቱን ያደርቀዋል፤ በየጊዜውም የሚቃኝ ባለ ሙያ ከሩቅ ካልመጣ ጥቂት ወራት ሳይቈይ ጆሮ የሚያሳምም ዕቃ ይሆናል። የምንጠይቀው እርሱን አይደለም።

እስከዚያው የሠራነውን እንንገራችሁ። አናጢ የሆኑት የአንዱ ጓደኛችን አባት አንድ ሳንቃ ሰጡን። 122 ሴንቲ ሜትር ለክተን የፒያኖን ቁልፎች ሁሉ፣ 88ቱንም፣ በልካቸው ሣልንበት፤ ጥቁሮቹን ከትርፍራፊ እንጨት ቈርጠን ለጠፍንባቸው። ሳንቃው ድምፅ የለውም። ተማሪው ቁልፉን ሲነካ ድምፁን ራሱ በአፉ ያዜማል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ደግሞ በክራር ያርመዋል። የጣት አነሣሡን በሳንቃው ተለማምዶ የጨረሰ ብቻ ወደ ኪቦርድዋ ይቀርባል። በዚህ መንገድ መብራት በሌለበት ቀንም ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ጆሮም ይሠራል። ድምፅ በሌለው ሳንቃ ላይ ብቻ ፒያኖ መማር አይቻልም፤ መጀመር ግን ይቻላል።

በዚህ ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎች ሃያ ሦስት ናቸው። ከእነርሱ አሥራ አራቱ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ሁለት መምህራን አሉ፤ ሦስት እናቶች ከገበያ መልስ ይመጣሉ፤ ታናሿ የመምህራችን የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሲሆኑ ሥልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ እርሳቸውም ዋሽንት ነፊ ስለ ነበሩ በሳንቃው ላይ እያዜሙ አምባሰልን በአራት ቀን ያገኙት እርሳቸው ብቻ ናቸው። መማር የምትፈልጉ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ኑ። ዕድሜ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው እጅን ታጥቦ መምጣት ብቻ ነው፤ በኪቦርድዋ ላይ ቀድሞ የደረሰው ጉዳት ይበቃናልና።

አሁን እኅታችን ተነሥታ አምባሰልን ትጫወትላችኋለች። መብራት ካለ በኪቦርድ ነው፤ መብራት ከሄደ ክራሩ ተቃኝቶ በአጠገብዋ ተቀምጧል።